ሌንስ ከተተከለ በኋላ፦ ሞራ የሚወረስበት አንድ የወሎ ቤተሰብ

ጉዳዩ በደቡብ ወሎ ደጋ የሚኖር የአንድ ቤተሰብ ነው። ቀበሌውን ሆን ብዬ አልጠራሁትም፤ ሰዎቹ በአካባቢያቸው በዓይናቸው ስለሚታወቁ ቦታው ከተነገረ ስም መጥራት አያስፈልግም። ከቅድመ አያቲቱ ጀምሮ በየትውልዱ ሁለት ዓይኑ ሞራ ለብሶ የሚወለድ ሰው አልጠፋም፤ ቅድመ አያቲቱ፣ ወንድ ልጃቸው፣ ከእሳቸው ስድስት ልጆች ሁለቱ፣ ከሁለቱ የአንደኛው ሴት ልጅ፣ ቆይቶም የእሷ ታናሽ ወንድም። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለ ልጅቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ተወለደች፤ በ2011 ዓ.ም.፣ በሦስት ዓመቷ፣ ሞራው ወጥቶ በሁለቱም ዓይኖቿ ሰው ሠራሽ ሌንስ ተተከለላት። እኔ ደሴ ውስጥ የምሠራ ኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም እይታ የምለካና መነጽር የማዝ ባለሙያ፣ ነኝ። ልጅቱ እኔ ዘንድ የደረሰችው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜ ግራ ዓይኗ ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር።

እናትየው ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ ሞራው ተመልሶ መጣ» አለችኝ። እኛ ዘንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ትቼዋለሁ።

የሚወረሰው ነገር

የዘር ሐረጉን ወረቀት ላይ ለመሣል ብዙ ጥያቄ አላስፈለገም። በሽታው ትውልድ አይዘልም፤ ወንድና ሴት አይለይም፤ ከአባትም ከእናትም ይተላለፋል። ከአንድ ወላጅ የተወረሰ አንድ ጉድለት ያለበት ዘረ መል ብቻውን በሽታውን ለማምጣት ይበቃል ማለት ነው። ስለዚህ ሞራው ያለበት ወላጅ በሚወልደው በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የመጀመሪያው ልጅ መያዙም ሆነ መትረፉ የሁለተኛውን ዕድል አይቀይረውም። በሌላው ዓለም እንዲህ ባሉ ቤተሰቦች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ከተገኙት ጉድለቶች ብዙዎቹ የዓይንን ሌንስ ጥርት አድርገው የሚይዙትን ክሪስታሊን የተባሉ ፕሮቲኖች፣ ወይም የሌንሱን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያገናኙትን ኮኔክሲን የተባሉ መተላለፊያዎች የሚነኩ ናቸው። የዚህን ቤተሰብ ደም የመረመረ የለም፤ ለሕክምናው ውሳኔ ግን የዘር ሐረጉ ይበቃል።

ያው አንድ ጉድለት በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ መልኩ ይለያያል። የአባትየው ሞራ በሌንሱ መካከል ያለ አንድ ንብርብር ላይ ብቻ የተኛ ነው፤ በዳር በዳሩ ብርሃን ስለሚያልፍ ከብት ጠብቆ አድጓል፤ ብር የሚለየው ግን በመዳሰስ ነው። የልጅቱም እንደ እሱ ያለ ነበር። የታናሽየው ደግሞ ከነአካቴው ድፍን ያለ።

እዚህ ላይ ብዙ ያሰብኩበት አንድ ነገር አለ። በሽታው በቤት ውስጥ ሲኖር ቶሎ ይታወቃል ብለን እንጠብቃለን። በዚህ ቤት የሆነው ተቃራኒው ነው። አያትየዋ ልጅቱ ገና በአንቀልባ ሳለች በብሌኗ ላይ ነጭ ነገር አይተው ነበር፤ አይተውም «የቤታችን ዓይን ነው» ብለው ዝም አሉ። አባትየው በዚሁ ዓይን አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ሲኖር ያየ ሰው በሽታ ነው ብሎ ሐኪም ቤት የሚሮጥበት ምክንያት አልታየውም። ጎረቤቶች ደግሞ የአባትን ዘር በዓይናቸው እያዩ እናትየውን «እርጉዝ ሳለሽ ጥላ ወግቶሽ ነው» ይሏት ነበር። የዘር ሐረጉን ካስረዳኋቸው በኋላ አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «ለካ የእኔ ኖሯል» አለ፤ እናትየው ቀና ብላ አላየችውም።

በ2011 ዓ.ም. የተሠራው

ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ከዞኑ ውጪ ነው። እናትየው ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ አኑራዋለች፤ ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ቤተሰቡ ወደ ዘመድ ሲሸሽ እንኳ ይዛው ሄዳለች። ሌንስ ከሚታሸግበት ሣጥን ጋር የሚመጣው ተለጣፊ ወረቀት ካርዱ ላይ አለ። ቀለሙ ቢደበዝዝም ይነበባል፦ ቀኝ 24.0፣ ግራ 24.5 ዲዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ)፣ የማይታጠፍ ደረቅ ፕላስቲክ። ካርዳቸውን ጥለው ከሚመጡ ታካሚዎች ጋር ለሚውል ሰው ይህች ወረቀት ምን ያህል እንደምትቆጠር መናገር ይከብዳል።

ይህ ደረቅ ፕላስቲክ የራሱ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች የፕላስቲክ መስታወት ሲሰበር ስብርባሪው በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ይቀር ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው ሐኪም ስብርባሪው ዓይኑን እንደማያስቆጣ አስተዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራውን የመጀመሪያውን ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አስቀመጠ። ዛሬ ለልጆች የሚመረጠው ተጣጥፎ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባው አክሪሊክ ሌንስ ነው። ደረቁ ርካሽ ስለሆነ በእኛ ዓይነት አገሮች ገና ይሠራበታል። ለአዋቂ ሰው ጥሩ ነው። በልጅ ዓይን ውስጥ ግን ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይጠይቃል፤ የሚያስከትለው ቁጣም ይበረታል።

የልጅ ሞራ የትንሽ ሰው ሞራ አይደለም። የሞራ ሕክምናችን በአመዛኙ የተገነባው ለሸመገሉ ሰዎች ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ የግማሹ ያህል ምክንያት ሞራ ነበር፤ ከእነዚህም የሚበዙት ዕድሜ የገፋቸው ናቸው። ለአዛውንቱ ሞራው ይወጣል፣ ሌንሱ ይገባል፣ ጥቂት ሳምንት ጠብታ ይደረጋል፣ ነገሩ ያልቃል። በልጅ ላይ ግን ሥራው የሚጀምረው ሌንሱ ከገባ በኋላ ነው።

የተመለሰው ጉም

ሌንሱ የሚቀመጠው ሞራው በነበረበት ቀጭን ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ ላይ የሚቀሩት ሕዋሳት በአዛውንት ዓይን ውስጥ ዳተኞች ናቸው፤ በልጅ ዓይን ውስጥ ግን ያለማቋረጥ ይራባሉ። የከረጢቱ ጀርባ ሳይከፈት ከተተወ በትንሽ ልጅ ዓይን ላይ እንደገና መጋረዱ አይቀርም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው በዚያ ዕድሜ ላይ ሐኪሙ በዚያው ቀዶ ሕክምና ጀርባውን በክብ ከፍቶ፣ ከኋላው ካለው ዝልግልግ ፈሳሽም ጥቂት ቆርጦ የሚያወጣው። ካርዱ ላይ ይህ አልተጻፈም፤ ዓይኗም ውስጥ አልተደረገም። ለምን እንደሆነ መገመት እችላለሁ። ፈሳሹን የሚቆርጠው መሣሪያ ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይገኝም። መሣሪያው ከሌለ ግን ሌንስ መትከሉ ራሱ ሌላ ጥያቄ ይሆን ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ጉሙ መጣ። በ2012 ዓ.ም. ቀጠሮ ተሰጥቷት ኮሮና ገባና አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ሲገታ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. የቀኝ ዓይኗ መጋረጃ ተከፈተ፤ የግራው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። ያ ሌላ ጊዜ ጦርነቱ ላይ ወደቀ። አዋቂ ቢሆን በተቀመጠበት በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈትለታል። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን አገጩን መሣሪያው ላይ አሳርፎ አይቀመጥም፤ ለእሱ ያለው ሙሉ ማደንዘዣና የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፤ ለዚያ ደግሞ የወሎ ገጠር ሰው የት ድረስ እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ብርሃኑን ቀኝ ዓይኗ ላይ ሳሳርፍ በተከፈተው ቀዳዳ በኩል ከዓይን ጀርባ የሚመጣው ቀዩ ነጸብራቅ ደመቅ ብሎ ተመለሰ። ብሌኗ ግን ክብ አልነበረም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበረው ቁጣ አይሪሷ፣ በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል፣ በሁለት ቦታ ሌንሱ ላይ ተጣብቆ ብሌኗን ማዕዘን አውጥቶበታል። የሌንሱም ጠርዝ ከመሐል ሸሽቶ በታች በኩል እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጭን ሆኖ ይታያል። በግራዋ ነጸብራቅ የሚባል ነገር የለም፤ ከሌንሱ ጀርባ ግራጫ መጋረጃ፣ በላዩም ጥቃቅን እንክብሎች ተዘርተውበታል። ልጅቱ በዚያ ሁሉ መሐል ዝንፍ አላለችም። ከእሷ ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያወራላት ይህንን ነው።

ጠብታው

የዓይኖቿ የውስጥ ግፊት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲለካ ቀኙ 19፣ ግራው 38 ሆነ። ከ21 በላይ ያለው እንደሚያሳስብ እናውቃለን። በልጅነታቸው ሞራ የወጣላቸው ሰዎች ኮርኒያቸው፣ ማለትም የዓይናቸው የፊት ጥርት ያለ ሽፋን፣ ስለሚወፍር ልኬቱ ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል፤ 38ን ግን በኮርኒያ ውፍረት ማሳበብ አይቻልም።

በልጅነት ሞራ የወጣለት ዓይን ሁሉ የግላኮማ፣ ማለትም ግፊት የዓይንን ነርቭ የሚጎዳበት በሽታ፣ ስጋት አለበት። አንዳንዱ በወራት፣ አንዳንዱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ይመጣል፤ ስለዚህ ግፊቱ ዕድሜ ልክ መለካት አለበት። ይህንን ለእናትየው የነገራት የለም፤ ወይም ተነግሯት በዚያ ሁሉ ወከባ ውስጥ አልሰማችውም። ምን ታደርጊላት ነበር ብዬ ስጠይቃት ከመቀነቷ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። «ይህችን ስጨምርላት ቅላቱ ይለቃታል፤ ማሳከኩም ይተዋታል» አለች። ዴክሳሜታዞን ነበር። ቀዶ ሕክምናው እንዳበቃ ለጥቂት ሳምንታት የታዘዘ ነው። ልጅቱ በበጋ የሚያሳክካት አለርጂም ስላለባት፣ ባዶውን ጠርሙስ ለመድኃኒት ሻጭ እያሳዩ ያለ ማዘዣ ሲገዙ ከዓመት በላይ ቆይተዋል። ቀኙ ብዙም አይቀላም ነበርና የሚጨመረው ግራው ላይ ብቻ ነው።

ዴክሳሜታዞን የሚያጠፋው መድኃኒት ስላልሆነ አይደለም። ቁጣን ያበርዳል፤ ለዚህም ነው የሚወደደው። ግን በብዙ ልጆች ላይ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ለረጅም ጊዜ ሲደረግ የዓይንን ነርቭ ያለ ሕመም ይበላዋል። የሚያሳክክ ዓይን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት የሚሄድ የወሎ ልጅ ስንት እንደሆነ ሳስብ፣ በእኔ ግምት ይህ ጠብታ ያለ ማዘዣ መሸጡ ከብዙ የቀዶ ሕክምና ጉድለት የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ታዲያ የግራ ዓይኗ ግላኮማ የቀዶ ሕክምናው ነው ወይስ የጠብታው? ጠብታው እንዲቆም ተደርጎ ቲሞሎል የተባለው ግፊት የሚቀንስ ጠብታ ሳይጀመር ጥቂት ሳምንት ቢጠበቅ ኖሮ ጥርት ያለ መልስ ይገኝ ነበር፤ ነርቩ ግን ያን ያህል ጊዜ አልነበረውም። ሐኪሙ ጠብታውን አስቁሞ በዚያው ቀን ቲሞሎል ጀመረላት፤ አስም እንደሌለባት ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ነው። በሳምንታት ውስጥ 38ቱ ወደ 27 ወረደ፤ ከዚያ በታች አልሄደም። ሁለቱም ምክንያት እንዳለበት ያመንኩት በዚህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግፊቱን ለሚፈጥረው የዓይን ውስጥ ፈሳሽ አዲስ መውጫ የሚከፍት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ መጋረጃውም በዚያው ማደንዘዣ ተከፈተ። አሁን ግፊቱ 14 እና 16 መካከል ነው። እይታው ግን በአንድ ሜትር ጣት ከመቁጠር አላለፈም፤ የሞተ ነርቭ አይመለስም።

24.0

ስለ ሌንሱ ኃይል የምለው ከሌላው ረዘም ይላል፤ ባልደረቦቼ የማይስማሙበትም እዚህ ነው።

የሕፃን ዓይን ሲወለድ ከፊት እስከ ኋላ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሲያድግ 23 ወይም 24 ይደርሳል። ብዙው ዕድገት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቢያልቅም ከዚያ በኋላም ይቀጥላል። የተተከለው ሌንስ ግን አያድግም፤ አይለወጥም። በሦስት ዓመቷ ዓይኗ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ በነበረ ጊዜ 24.0 ዲዮፕተር ያለ መነጽር ሩቅ የሚያሳያት ልክ ነበር። በሰባት ዓመቷ ቀኙ 24.3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተለካ፤ በዚህም ከሩቅ የማታይ ሆነች፤ የሚያስፈልጋት መነጽር ማይነስ 4.50 ነው። ግራው፣ በግፊቱም በመጋረዱም ተለጥጦ፣ 25.2 ደርሷል።

መጻሕፍቱ የሚሉት በሦስት ዓመት ዕድሜ ደካማ ሌንስ ተከል፤ ልጁ ለጊዜው ፕላስ ሦስት ወይም አራት የሚሆን መነጽር ያድርግ፤ ዓይኑ ሲያድግ ወደ ልኩ ይመጣል ነው። ትክክል ነው። ሆኖም ይህ ምክር መነጽር እንዳለ፣ ሲሰበር እንደሚተካ፣ በየስድስት ወሩ የሚለካው ሰው እንዳለ አድርጎ ይነሣል። መነጽሩ ባይገኝ ያቺ የሦስት ዓመት ልጅ ቅርቡም ሩቁም ደብዝዞባት፣ አንጎሏ ማየት በሚማርበት ጊዜ ሳይማር ቀርቶ ሰነፍ ዓይን ይዛ ትቀር ነበር። 24.0ን የመረጠው ሐኪም፣ መርጦት ከሆነ፣ «ይህች ልጅ ተመልሳ አትመጣም፤ ያለ መነጽር ዛሬ ትይ» ብሎ ነው። አልተሳሳተም፤ እውነትም ለመነጽር ልኬት አራት ዓመት አልመጣችም። ስምንት ዓመት ሲሞላት ማይነስ ያለባት ልጅ ቢያንስ ቅርብ ታያለች፤ ደብተሯን ወደ ፊቷ አስጠግታ ታነባለች። ቀኝ ዓይኗ ዛሬ በመነጽር 6/24 የሚያየው፣ ማለትም ጤነኛ ዓይን ከ24 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር የሚለየው፣ በዚያ ውሳኔ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከረጢቱን ሳይከፍት መተዉን አልደግፈውም፤ በቁጥሩ ግን አልወቅሰውም።

ሰው ሠራሽ ሌንስ ትኩረቱን አይቀይርም። ሩቅ በሚያሳየው ኃይል ቅርብ አያሳይም። ስለዚህ መነጽሯ ሁለት ክፍል ያለው ነው፤ ላዩ ለሰሌዳ፣ ታቹ ለደብተር። መምህሯ ከፊት አስቀምጠዋታል። መነጽሩን ለብሳ መጀመሪያ ያነበበችው የግድግዳችንን ፊደል ሳይሆን የእናቷ ፌስታል ላይ የታተመውን የስኳር ማስታወቂያ ነው።

ታናሽ ወንድም

በ2016 ዓ.ም. እናትየው ወለደች። በአራስነቷ፣ ገና በሦስተኛው ሳምንት፣ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። «ነጩን አይቼበታለሁ፤ እንደ እህቱ አልጠብቅም» አለች። «አብሽሪ፣ በጊዜ ነው የመጣሽው» አልናት፤ እውነትም ነበር። ሁለት ዓይኑ ድፍን ሞራ ላለበት ሕፃን የተሻለው ጊዜ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ዓይኖቹ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ ያ መንቀጥቀጥ ከያዘ የእይታው ጣሪያ ዝቅ ይላል። በመንገድ አለመረጋጋት ምክንያት ቀዶ ሕክምናው የተደረገው በአሥረኛው ሳምንት ነው።

ሌንስ አልተተከለለትም። ከረጢቱ ከኋላ ተከፍቶ፣ ዳሩ ለወደፊት ሌንስ መቀመጫ ይሆን ዘንድ ተትቷል። እናትየው ተቆጣች፤ «ለእሷ ያደረጋችሁላትን ለእሱ ለምን?» አለች። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ዓይናቸው ሞራ ያለባቸውን 114 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተከታተለ ጥናት አለ፤ ለግማሾቹ ሌንስ ተተከለ፣ ግማሾቹ የኮንታክት ሌንስ አደረጉ። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው እይታቸው አልተለያየም። ተጨማሪ የዓይን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ግን ከተተከለላቸው 72 በመቶ፣ ካልተተከለላቸው 21 በመቶ ናቸው። ጥናቱ የአንድ ዓይን ሞራ ነው፤ የኮንታክት ሌንስም በወሎ ገጠር፣ ከውኃው ጣጣ ጋር፣ አይታሰብም። እኔ ከዚያ ጥናት የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተተከለ ሌንስ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ይዞ ይመጣል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ተጨማሪው ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል እህቱ አሳይታናለች።

ስለዚህ ልጁ በጨቅላነቱ ፕላስ 22 መነጽር በላስቲክ ከጭንቅላቱ ጋር ታስሮለት ይውላል። መስታወቱ ወፍራም ነው፤ አፍንጫውን ይጫነዋል፤ እንዲህ ያለ ኃይል ያለው መስታወት እኛ ዘንድ ስለማይቆረጥ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት ይወስዳል። አንድ ጊዜ ላም ረግጣበት ከወር በላይ ያለ መነጽር ከርሟል። ያ ወር ስንት እንዳስከፈለው የሚለካበት መንገድ የለም፤ በአምስት ዓመቱ ሰሌዳ ፊት ስናቆመው ግን ይታያል። ያለ ሌንስ መተዉ ከግላኮማ አያድነውም፤ በሕፃንነቱ የተቀደደ ዓይን ነውና ግፊቱ እንደ እህቱ ይለካል።

አሁን ሁለቱ አንድ ቀን ይመጣሉ። መነጽሩ ወደ ፕላስ 18 ወርዷል፤ ዓይኖቹ ጥቂት ይንቀጠቀጣሉ፤ የሚንከባለል ኳስ ተከትሎ ይይዛል። ግፊቱ በሁለቱም ዓይን ከ20 በታች ነው። ሌንስ ይተከልለት የሚለው ጥያቄ የሚነሣው አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ዓይኑ ርዝመትና ስለ መነጽሩ አጠባበቅ ይሆናል፤ እናትየው ደግሞ ከወዲሁ የራሷን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣለች፦ ቁጥሩ ካርዱ ላይ እንዲጻፍላት፣ ጠብታውም መቼ እንደሚያልቅ በአማርኛ እንዲሠፍርላት። የአባትየው እህት ነፍሰ ጡር ነች፤ ልጇ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዲታይ ቀጠሮው ተይዟል።